ዋዛን እንደ ዋዛ

በአማርኛ «ዋዛ» ማለት ቀልድ፣ ቁም ነገር ያልሆነ ነገር ነው። «ይህ ነገር የዋዛ አይደለም» የምንለውም ለዚህ ነው። አሶሳ ላይ ግን ዋዛ ሌላ ነው። የበርታ ሕዝብ ከቅል የሚሠራው ረጅም የትንፋሽ መሣሪያ ስሙ ዋዛ ነው። ሁለቱ ቃላት የተመሳሰሉት በአጋጣሚ ነው። ሆኖም በየዓመቱ ኅዳር 29 ቀን ቴሌቪዥን ከፍቶ የብሔር ብሔረሰቦችን በዓል ለሚከታተል ሰው፣ ሁለቱ ቃላት አንድ የሚሆኑበት ቅጽበት አለ።

ትዕይንቱን ሁሉም ያውቀዋል። ስታዲየሙ ሞልቷል። አስተዋዋቂው «አሁን ደግሞ ከቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል» ይላል። አንድ ዓይነት ጨርቅ የለበሱ ወጣቶች ተሰልፈው ይገባሉ። ረጃጅሞቹ ቅሎች ወደ ካሜራው ይዞራሉ፤ ሁለት ሦስት ደቂቃ ይነፋል፤ ይጨበጨባል፤ ቀጣዩ ክልል ይጠራል። ቤቱ ቡናውን የሚጠጣው ተመልካች «ደስ የሚል ባህል ነው» ይልና ወደ ወሬው ይመለሳል። ከዚያ ወዲያ የክልሉን ስም የሚሰማው ዜና ሲኖር ነው። ዜናውም ብዙ ጊዜ ወይ ስለ ግድቡ ነው፣ ወይ ስለ ሞት።

በእነዚያ ሦስት ደቂቃዎች ውስጥ የታየው ምንድን ነው? ዋዛው ራሱ ነው ወይስ የዋዛው ፎቶግራፍ?

ለመመለስ መሣሪያው እንዴት እንደሚሠራ ማወቅ ያስፈልጋል። ዋዛ ቅል በቅል ላይ እየተሰካ የሚረዝም መለከት ነው። ትንሹ ክንድ ቢያክል፣ ትልቁ ከሰው ቁመት ጋር ይቀራረባል። አንድ ቡድን ከ10 በላይ ነፊዎች ይኖሩታል፤ እያንዳንዱ ነፊ ግን በመሠረቱ አንድ ድምፅ ብቻ ነው ያለው። የራሱ ተራ ሲደርስ ይነፋል፤ ከዚያ ዝም ብሎ የሌላውን ይጠብቃል። ዜማው የሚወለደው አንዱ ሲያቆም ሌላው ሲቀጥል ነው። ስለዚህ ዜማው የማንም ነፊ አይደለም፤ በነፊዎቹ መካከል ነው ያለው። አንድ ሰው ብቻውን ቤቱ ተቀምጦ ዜማውን ሊነፋው አይችልም። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የሚለው ተረት ለዋዛ የተነገረ ይመስላል።

ዋዛ ቆመው የሚነፉትም አይደለም። ነፊዎቹ እየተራመዱና እየዞሩ ይነፋሉ፤ ሴቶች ይዘፍናሉ፣ ሕዝቡ አብሮ ይንቀሳቀሳል። ሥርዓቱ ከአዝመራ ጋር የተያያዘ ነው፤ እህል የደረሰለት ሰው ደስታው ነው። አቅራቢና ተመልካች ብሎ የሚለይ መስመር የለበትም። መስመሩ የሚመጣው መድረክ ሲመጣ ነው። ክቡ ተፈትቶ ሰልፍ ይሆናል፤ እርስ በርስ ይተያዩ የነበሩ ሰዎች ፊታቸውን ወደ አንድ አቅጣጫ ያዞራሉ፤ ሌሊቱን ሙሉ ሊዘልቅ የሚችል ነገር በሰዓት ይለካል።

መድረክ ይህን የሚያደርገው በክፋት አይደለም። የመድረክ ጠባይ ነው። ይህን ጠባይ ከሁሉም አስቀድሞ በገዛ ሰውነቱ የታገለው ሰው ግን አሶሳንም አዲስ አበባንም አያውቅም። ከመቶ ዓመት በፊት የነበረ፣ ሩሲያ ያደገ የባሌት ተወዛዋዥ ነው።

*

ቫስላቭ ኒዢንስኪ በዛሬዋ የዩክሬን ዋና ከተማ ኪየቭ ተወለደ። ወላጆቹ ከከተማ ከተማ እየዞሩ የሚሠሩ ፖላንዳውያን ተወዛዋዦች ነበሩ። በልጅነቱ በሴንት ፒተርስበርግ የንጉሠ ነገሥቱ የባሌት ትምህርት ቤት ገባና ገና ወጣት ሳለ የዘመኑ ስመ ጥር ተወዛዋዥ ሆነ። ሲዘል ያዩት ሰዎች አየር ላይ ቆሞ የቀረ ይመስለን ነበር ይሉ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1909 ሰርጌ ዲያጊሌቭ የተባለ ሩሲያዊ የጥበብ ነጋዴ ወደ ፓሪስ ይዞት ሄደ። ቡድኑ «ባሌ ሩስ»፣ የሩሲያ ባሌት፣ ተባለ።

ዲያጊሌቭ ያመጣው ተወዛዋዥ ብቻ አልነበረም። ከእርሱ በፊት በነበረው ልማድ የመድረክ ጀርባ የሚሥሉት የቴአትር ቤቱ ባለሙያዎች ነበሩ፤ ጫካ ካስፈለገ ጫካ፣ ቤተ መንግሥት ካስፈለገ ቤተ መንግሥት። ልብሱን ደግሞ ሌላ ሰው ያዘጋጃል። ዲያጊሌቭ ሥራውን ስም ላላቸው ሠዓሊዎች ሰጠ። የጀርባው ሥዕልና የተወዛዋዡ ልብስ ከአንድ እጅ ይወጣ ጀመር። የዛሬው የመድረክ ዲዛይን ብዙ ነገሩን የወሰደው ከዚያ ነው። የኅዳር 29 መድረክ ላይ በግዙፍ ስክሪን የሚታየው የግድብና የተራራ ምስል ሳይቀር የዚያ ልማድ የሩቅ ዘመድ ነው።

በዚህ መድረክ ላይ ሁለት መንገዶች ታዩ። ሁለቱም ለእኛ ጉዳይ ትምህርት አላቸው።

የመጀመሪያው የሌዎን ባክስት መንገድ ነው። ባክስት እ.ኤ.አ. በ1910 ለፓሪስ ኦፔራ «ሼሄራዛድ» የተባለውን ባሌት ሣለ። ታሪኩ የአንድ የምሥራቅ ንጉሥ እልፍኝ፣ ሚስቶቹና ባሪያዎቹ ናቸው። ቀለሙ እንደ እሳት ነበር፤ ፓሪስ አበደች፤ ልብስ ሰፊዎች ሳይቀሩ ስልቱን ገለበጡ። ኒዢንስኪ ሰውነቱን ጠቆር ባለ ቀለም ተቀብቶ «ወርቃማው ባሪያ» ሆኖ ተወነ። አዳራሹ ቆሞ አጨበጨበ።

በዚያው ዓመት ቤኒሻንጉል ውስጥ ባሪያ የመድረክ ገጸ ባሕርይ አልነበረም። ከዚህ ምድር ሰዎች እየታፈሱ ወደ ሱዳንም ወደ መሐል አገርም ይነዱ ነበር። የአካባቢው ገዥዎችም የመሐል አገር መኳንንትም እጃቸው ነበረበት። ኢትዮጵያ በ1916 ዓ.ም. የመንግሥታቱ ማኅበር አባል ስትሆን ከተጠየቀቻቸው ነገሮች አንዱ ይህን ንግድ እንድታስቆም ነበር። ባርነትን ሙሉ በሙሉ የሚሽር አዋጅ የወጣው ደግሞ በ1934 ዓ.ም. ነው። ፓሪስ ስለዚህ ምንም ማወቅ አላስፈለጋትም። ሥዕሉ ያምር ነበር፤ የሚያምር ሥዕል ደግሞ ከጀርባው ያለውን እንዳይጠይቁ ያደርጋል። የሩቅ ሰው መከራ ጌጥ ሆኖ የሚቀርብበት መድረክ እንዲህ ነው የሚሠራው።

ሁለተኛው መንገድ የመጣው ከሦስት ዓመት በኋላ ነው።

*

እ.ኤ.አ. ግንቦት 29 ቀን 1913፣ በእኛ አቆጣጠር ግንቦት 21 ቀን 1905 ዓ.ም.፣ ፓሪስ በአዲሱ የሻንዜሊዜ ቴአትር «የጸደይ ሥርዓት» የተባለ ባሌት ቀረበ። ሙዚቃው የኢጎር ስትራቪንስኪ ነው፤ ውዝዋዜውን የደረሰው ኒዢንስኪ ነው። መድረኩንና ልብሱን ያዘጋጀው ደግሞ ኒኮላይ ሮሪክ ነው። ሮሪክ ሠዓሊ ብቻ አልነበረም፤ ጥንታዊ መቃብሮችን የቆፈረ የቅርስ አጥኚ ነበር። ታሪኩ ክርስትና ከመምጣቱ በፊት የነበሩ ገበሬዎች መሬቱ እንዲያፈራ የሚፈጽሙት ሥርዓት ነው፤ መጨረሻው ላይ አንዲት የተመረጠች ልጃገረድ እስክትሞት ትጨፍራለች።

ሮሪክ ልብሱን ሲሠራ የጥንት የገበሬ ልብስ ጥልፍንና ቅርፅን መሠረት አደረገ። ወፍራምና ሰፊ ቀሚስ፣ እስከ ጉልበት በገመድ የታሰረ እግር። የባሌት ተመልካች የለመደው የተወዛዋዥ ሰውነት በዚያ ልብስ ውስጥ ጠፋ። ኒዢንስኪም ተወዛዋዦቹን የተማሩትን እንዲረሱ አዘዛቸው። ባሌት እግርን ወደ ውጭ ያዞራል፤ እርሱ ወደ ውስጥ አዞረው። ባሌት ወደ ላይ ይነሣል፤ እርሱ መሬት አስረገጠ። ባሌት ፊቱን ለተመልካች ይሰጣል፤ እርሱ ክብ ሠርተው ፊታቸውን እርስ በርስ እንዲያዞሩ አደረገ። ሥርዓቱ የራሳቸው ነው፤ ለተመልካች ብለው የሚፈጽሙት አይደለም።

ከዚያ የሆነው በታሪክ የታወቀ ነው። አዳራሹ በፉጨት፣ በሳቅና በስድብ ታመሰ። ጩኸቱ ከመበርታቱ የተነሣ ተወዛዋዦቹ ሙዚቃውን መስማት አቃታቸው፤ ኒዢንስኪ ከመድረኩ ጎን ወንበር ላይ ቆሞ ምቱን በሩሲያኛ እየጮኸ ቆጠረላቸው። ዲያጊሌቭ ሰዉ ጸጥ እንዲል መብራት ያበራና ያጠፋ ነበር። የሙዚቃ መሪው ፒየር ሞንቶ ግን እስከ መጨረሻው ሳያቆም መራ።

ተመልካቹ ስለ ምን ተቆጣ? ሙዚቃው ለጆሮ ያልተለመደ መሆኑ አንዱ ነው። ሌላው ግን ይህ ነው፦ ለሦስት ዓመት ሼሄራዛድን ያጨበጨበ ሕዝብ የሩቅ ሰው ሲቀርብለት ያጌጠ፣ የሚማርክ፣ ፊቱን ወደ እርሱ ያዞረ ይሆናል ብሎ ጠብቆ ነበር። ኒዢንስኪና ሮሪክ ያቀረቡለት ጀርባውን የሰጠ ገበሬ ነው።

*

ሆኖም ይህን ያህል የተደከመበት ሥራ ዕድሜው አጭር ነበር። ያን ዓመት ፓሪስና ለንደን ላይ ጥቂት ጊዜ ታየና ቀረ። በዚያው ዓመት ኒዢንስኪ ሲያገባ ዲያጊሌቭ ከቡድኑ አባረረው። እ.ኤ.አ. በ1920 ዲያጊሌቭ ባሌቱን እንደገና ለማቅረብ ሲፈልግ ግን ውዝዋዜውን አሟልቶ የሚያስታውስ ሰው አልተገኘም። ሰባት ዓመት ብቻ ነበር ያለፈው። ሙዚቃው በወረቀት ላይ ነበረ፤ የሮሪክ ሥዕሎች ነበሩ፤ ልብሶቹ ነበሩ። ውዝዋዜው ግን በሰዎች ሰውነት ውስጥ ብቻ ነበር፤ ሰዎቹ ደግሞ ተበትነው ነበር። በመካከል የዓለም ጦርነትና የሩሲያ አብዮት አልፈዋል። ሌላ ሰው፣ ሌዎኒድ ማሲን፣ በዚያው ሙዚቃ ላይ አዲስ ውዝዋዜ ደረሰ።

የመጀመሪያውን ለመመለስ የተሞከረው ዘግይቶ ነው። ሚሊሰንት ሆድሰን የተባለች አሜሪካዊት ተመራማሪ ከባለቤቷ ከኬኔት አርቸር ጋር ዓመታት ወስዳ ቁርጥራጩን ለቀመች። የኒዢንስኪ ረዳት የነበረችው ማሪ ራምበርት በሙዚቃው ወረቀት ላይ የጻፈችው ማስታወሻ፣ ቫለንቲን ግሮስ የተባለች ሠዓሊ የነደፈቻቸው ሥዕሎች፣ በዕድሜ የገፉ ሰዎች ትዝታ። ከዚህ ሁሉ ተገጣጥሞ እ.ኤ.አ. በ1987 ሎስ አንጀለስ ላይ በጆፍሪ ባሌት ቀረበ። 74 ዓመት አልፎ ነበር። የቀረበውም ዋናው ሳይሆን የዋናው ግምት ነው።

ከዚህ ጋር የሚነጻጸር ሌላ እውነት አለ። ኒዢንስኪ «የፋውን ከሰዓት በኋላ» የተባለውን ሌላ ሥራውን በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ቡዳፔስት ውስጥ እንደ ጠላት ዜጋ ታግዶ ሳለ፣ ራሱ ባዘጋጀው ምልክት እንቅስቃሴ በእንቅስቃሴ ጻፈው። ምልክቱን በ1980ዎቹ ሁለት ተመራማሪዎች ፈትተው አነበቡት። ያ ውዝዋዜ ዛሬ በደራሲው እጅ እንደ ተጻፈ ይታወቃል። የተጻፈው ተረፈ፤ ያልተጻፈው ጠፋ። ልዩነቱ ይኸው ነው።

*

ወደ አገራችን እንመለስ። የኢትዮጵያ ሕዝቦች ጭፈራ ወደ ዘመናዊ መድረክ የወጣበት ታሪክ ረጅም ነው፤ የሚያኮራም ብዙ አለው። አገር ፍቅር ቴአትር በ1927 ዓ.ም. ተመሠረተ። የዛሬው ብሔራዊ ቴአትር በ1948 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር ተብሎ ሲከፈት፣ ከአውሮፓ የመጣው ባለ መጋረጃ መድረክ፣ ተመልካቹ በአንድ ወገን ብቻ የሚቀመጥበት፣ አዲስ አበባ ላይ ተተከለ። እ.ኤ.አ. በ1963 ግብፅ የተወለደው አቀናባሪ ሃሊም ኤል-ዳብህ ኦርኬስትራ ኢትዮጵያን አቋቋመ። የተለያዩ ሕዝቦች የሙዚቃ መሣሪያዎች በአንድ መድረክ፣ በአንድ ቡድን ተቀመጡ። በኋላ ተስፋዬ ለማ መራው፤ እ.ኤ.አ. በ1969 አሜሪካን ዞሮ በኤድ ሱሊቫን የቴሌቪዥን ዝግጅት ላይ ታየ። በደርግ ዘመን የኪነት ቡድን ያልነበረው አካባቢ አልነበረም ማለት ይቻላል። በ1980 ዓ.ም. «ሕዝብ ለሕዝብ» የተባለው ቡድን የብዙ ብሔረሰቦችን ውዝዋዜ ይዞ በርካታ አገሮችን ዞረ።

ከ1999 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ ኅዳር 29፣ ሕገ መንግሥቱ የጸደቀበት ቀን፣ የብሔር ብሔረሰቦች ቀን ሆነ። ዘጠነኛው በዓል በ2007 ዓ.ም. አሶሳ ላይ ተከበረ። ዋዛ በገዛ አገሩ እንግዳ ተቀበለ።

ይህን ሁሉ መናቅ አይገባም። «መድረኩ ባይኖር በርታ የሚባል ሕዝብ መኖሩን ማን ያውቅ ነበር?» የሚል ሰው ትክክል ነው። አያቶቹ በባሪያ ንግድ ለተነዱ ሕዝብ፣ ስሙ በክብር ተጠርቶ አደባባይ መውጣት ትንሽ ነገር አይደለም። በዚያ ሦስት ደቂቃ ውስጥ ልጁን በቴሌቪዥን ያየች የመንጌ ወይም የሸርቆሌ እናት የምታፈሰው የደስታ እንባ እውነተኛ ነው።

ጥያቄው ግን ያ ሦስት ደቂቃ ምን እንዲሆን እንደ ተደረገ ነው። ከ80 በላይ ብሔረሰቦች ላሉባት አገር ለእያንዳንዱ ሦስት ደቂቃ ቢሰጥ ከአራት ሰዓት ያልፋል። ስለዚህ መድረኩ እኩልነትን በደቂቃ ይለካል። ማንም እንዳይከፋ ሁሉም እኩል ያጥራል። ውጤቱም ሁሉም የሚመሳሰልበት ትዕይንት ነው፤ ልብሱ ይለያያል፣ ሰልፉ አንድ ነው። ሳቅ አንድ ነው። ወደ ካሜራ መዞሩ አንድ ነው። የዋዛ ዜማ ገና ተጀምሮ ነፊዎቹ እርስ በርስ መስማት ሲጀምሩ ጊዜው አልቋል።

የክልሉ ሕገ መንግሥት በርታን፣ ጉሙዝን፣ ሺናሻን፣ ማኦንና ኮሞን ነባር ሕዝቦች ብሎ ይጠራቸዋል። በክልሉ አማራው፣ ኦሮሞው፣ አገው ይኖራል። በበዓሉ መድረክ ላይ ማን የክልሉ ፊት ሆኖ እንደሚወጣና ማን እንደማይወጣ የሚወሰነው ከዚህ ነው። መድረኩ ፖለቲካው ያልመለሰውን ጥያቄ በጨርቅና በከበሮ ሸፍኖ ያልፈዋል።

ሽፋኑ ሲገለጥ ምን እንደሚሆን ደግሞ አይተናል። በ2013 ዓ.ም. ኅዳር 29 ካለፈ ከ15 ቀን በኋላ፣ ታኅሣሥ 14 ቀን፣ በመተከል ዞን ቡለን ወረዳ በኩጂ ቀበሌ ነዋሪዎች ሌሊት ተኝተው ሳለ ጥቃት ደረሰባቸው። የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን ከ100 በላይ ሰዎች መገደላቸውን አስታወቀ። በእነዚያ ዓመታት በመተከልና በካማሺ ከብዙ ብሔረሰብ የመጡ ሰዎች ከቤታቸው ተፈናቀሉ። የተፈናቀለ ሰው ዕቃውን ብቻ አይደለም የሚተወው። ከጎኑ ማን ቆሞ እንደሚጨፍር፣ ማን ዘፈን እንደሚያወጣ፣ የትኛው ሜዳ ላይ እንደሚሰበሰቡ፣ ያም ይበተናል።

በርታ ደግሞ የድንበር ሕዝብ ነው። ወገኑ በሱዳን ብሉ ናይል ግዛት አለ፤ ዋዛውም እዚያ አለ። የጀርመኑ የሙዚቃ ተመራማሪ አርቱር ሲሞን በሱዳን በኩል የቀረጸው የዋዛ ሙዚቃ በአልበም ታትሟል። ድምፁ በርሊን ቤተ መዘክር ተቀምጧል። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ካርቱም ላይ የጀመረው ጦርነት ግን ብዙ ሰው በኩርሙክ በኩል ወደ አሶሳ ዞን አሰድዷል። ከዚያ በፊትም ብሉ ናይል ውጊያ አይቷል። 13 ነፊ የነበረው ቡድን ስድስቱ አንድ መጠለያ፣ አራቱ ሌላ መጠለያ ቢገቡ፣ ሦስቱ ቢሞቱ፣ ቅሎቹ ቢተርፉም ዜማው የለም። ዜማው በመካከላቸው ነበርና። ፓሪስ ላይ ሰባት ዓመት የበቃው ለዚህ ነው።

*

ታዲያ ምን ይደረግ? ከኒዢንስኪ ታሪክ ሦስት ነገር መውሰድ ይቻላል።

አንደኛው፣ ሙሉውን መመዝገብ ነው። ፎቶግራፍና የሦስት ደቂቃ ቪዲዮ የሮሪክን ልብስ እንደ መያዝ ነው፤ ውዝዋዜው ከዚያ አይገኝም። እያንዳንዱ ዋዛ ስሙ ምንድን ነው፣ ከማን ቀጥሎ ይነፋል፣ እግር መቼ ይነሣል፣ ሴቶቹ መቼ ይገባሉ፣ የትኛው ዜማ ለየትኛው ቀን ነው፤ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ፣ ከላይም ከጎንም፣ ከባለቤቶቹ ቃል ጋር። ለዚህ ከባሕር ማዶ ተመራማሪ መጠበቅ አያስፈልግም። አሶሳ ዩኒቨርሲቲ እዚያው ነው፤ የሚያውቁት ሽማግሎችም በሕይወት ያሉት እዚያው ነው። እስከ 2016 ዓ.ም. ድረስ ኢትዮጵያ በዩኔስኮ የማይዳሰስ ቅርስ ያስመዘገበቻቸው አምስት ናቸው፤ መስቀል፣ ፍቼ ጨምበላላ፣ ገዳ፣ ጥምቀትና ሸዋል ኢድ። ከቤኒሻንጉል ጉሙዝ አንድም የለም። ለመመዝገብ ደግሞ መጀመሪያ መጻፍ ያስፈልጋል።

ሁለተኛው፣ ዋዛውን ለመድረኩ ከመቁረጥ መድረኩን ለዋዛው ማስፋት ነው። ኅዳር 29ን በየዓመቱ ሁሉም ሦስት ደቂቃ የሚያገኝበት ከማድረግ፣ አምስት ሕዝቦች ብቻ ግማሽ ግማሽ ቀን ቢያገኙና በቀጣዩ ዓመት ለሌሎች ተራው ቢደርስ ምን ይጎድላል? ተመልካቹ በአንድ ወገን ከሚቀመጥ ዙሪያውን ቢቆም፣ ካሜራውም ወደ ክቡ ቢገባ? ስክሪኑና ጭሱ ቢቀር? የመጀመሪያው ዓመት ተመልካች ይሰለቻል። ይሰልች። ፓሪስም ጮኻ ነበር።

ይህ ሕልም አይደለም፤ ያደረጉት አሉ። እንግሊዛዊው የውዝዋዜ አዘጋጅ ሮይስተን ማልዱም እ.ኤ.አ. በ1996 አዲስ አበባ ላይ 100 የጎዳና ልጆችን ይዞ «ካርሚና ቡራና» የተባለ ሥራ አቀረበ። ከዚያ አዱኛ የተባለው የውዝዋዜ ቡድን ተወለደ፤ ከልጆቹም መካከል ዛሬ በሙያው የሚኖሩ ወጡ። ይኸው ሰው እ.ኤ.አ. በ2003 በርሊን ላይ ወደ 250 የሚጠጉ የተማሪ ቤት ልጆችን፣ ብዙዎቹ የስደተኛ ልጆች፣ ከበርሊን ፊልሃርሞኒክ ኦርኬስትራ ጋር አሰለፈ። የመረጡት ሥራ «የጸደይ ሥርዓት» ነበር። ልጆቹ ጌጥ እንዲሆኑ አልተጠየቁም፤ ወራት ተሰጥቷቸው ሠሩት።

ሦስተኛው፣ የመድረኩን ንድፍ የሚያወጣው ማን እንደሆነ መጠየቅ ነው። የዋዛ ነፊዎች ምን ይለብሳሉ፣ የት ይቆማሉ፣ ስንት ደቂቃ ይነፋሉ የሚለው ብዙ ጊዜ የሚወሰነው ነፊዎቹ በሌሉበት ነው። ለብዙዎቻችን ዋዛ «በሰው እጅ ሲያዩት ያምር፣ ሲይዙት ያደናግር» እንደሚባለው ከበሮ ነው። ስለዚህ የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ። ለተወዛዋዡ አበል የሚከፍል በዓል ለሚያስተምረው ሽማግሌም ይክፈል፤ ወጣቱ ከአሶሳ ከተማ ተመልምሎ በሁለት ሳምንት ከሚሠለጥን፣ ቡድኑ ከነሽማግሌው ከመንደሩ ይምጣ።

«አገር እየታመሰ ስለ ጭፈራ ታወራለህ?» የሚል አንባቢ ይኖራል። ተገቢ ጥያቄ ነው። ዋዛ በኩጂን አያድንም ነበር። ግን አንድ ሕዝብ ሌላውን የሚያውቀው በሦስት ደቂቃ ትዕይንት ብቻ ከሆነ፣ ያ ሕዝብ ሲሞት የሚሰማው ሐዘንም ሦስት ደቂቃ ነው። ጌጥ ሲሰበር ያናድዳል እንጂ አያስለቅስም። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ጉባ ላይ ግድቡ ሲመረቅ አገር ሁሉ የዚያን ምድር ስም በአፉ ይዞ ዋለ። በዚያ ምድር ላይ የሚኖሩትን ሰዎች ግን አሁንም ከልብሳቸው አልፎ የሚያውቃቸው ጥቂት ነው።

ኒዢንስኪ በ1919 አእምሮው ታወከ። እ.ኤ.አ. በ1950 ለንደን ላይ እስኪሞት ድረስ 30 ዓመት ያህል ወደ መድረክ አልተመለሰም። ሕመሙ በጀመረባቸው ወራት ወረቀት ላይ ደጋግሞ ይሥል ነበር። ሥዕሎቹ ዛሬ በቤተ መዘክር ታይተዋል። አብዛኞቹ ክቦች ናቸው፤ ክብ በክብ ላይ፣ ቅስት በቅስት ላይ።

አሶሳ ዞን ውስጥ ያ ክብ ዛሬም በሥዕል ሳይሆን በሰው የሚሠራበት መንደር አለ። ዘንድሮም አዝመራ ይደርሳል፤ ቅሎቹ ከተሰቀሉበት ይወርዳሉ። ካሜራ ኖረም አልኖረ ፊታቸውን እርስ በርስ ያዞራሉ። ኅዳር 29 ሲደርስ ግን ተሰለፉ ይባላሉ።